ሲያለቅስ የሚውለው ገጸ ባሕሪዬ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

የልቦለዴን መጀመሪያ ለታናሽ ወንድሜ ለሳሚ ላክሁለት። ጌይ የሆነው ገጸ ባሕሪዬ ከመግቢያው ጀምሮ ያለቅሳል። ሳሚ ዛሬ ከሚኖርበት ሰፈር ከላንድማርክ ደውሎ ሳቀብኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ሰው ሥራ የለውም እንዴ? ሲያለቅስ ነው የሚውለው?»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ሚዜ አድርገው። የጓደኞቹ ሁሉ ሚዜ ይሁን። ለሙሽራው ክራቫት ይሰርለት፣ ከሁሉ በላይ ይጨፍር። ‹ያንተስ መቼ ነው?› ሲሉት ‹በቅርቡ› ይበል። ከዚያ ብቻውን ነድቶ ቤቱ ይግባ።»

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ሺፍት አለብኝ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ግራ ገብቶኛል። መልሼ ልደውልለት? ደውዬስ ምን ልበለው? ግድግዳው ላይ የሰርጌ ፎቶ አለ። ክራቫቴን የሚያስርልኝ ሳሚ ነው።