አራት ዓመት የቀደመው ስለት

ሰኞ፣ ጥር 18

አባባ አብደዋል ብዬ አልጽፍም፤ ኃጢአት ነው። ዛሬ ከቢሮ ይዘውት የመጡትን ብቻ ልጻፍና ያነበበ ይፍረድ። ለነገሩ ማንም አያነበውም። ይህ ደብተር የሚቀመጠው ከምስሩ ማሰሮ ጀርባ ነው፤ እማዬ ብታገኘው እንኳ ፊደል አልቆጠረችም።

አባባ የሰበታ ወረዳ ግዛት ጸሐፊ ናቸው። በታይፕ ያልተመታ ነገር እውነት አይመስላቸውም። ዛሬ የእኔን ዕድሜ በታይፕ መትተውት መጡ! «የወይዘሪት የሺእመቤት የጥናት መርሐ ግብር፤ ከስምንተኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ» ይላል። በሦስት ኮፒ ነው። አንዱ ለግድግዳ፣ አንዱ ለዲሬክተራችን፣ አንዱ ለፋይል። የምን ፋይል? እኔ ፋይል አለኝ?

እንዲህ ይላል፦

ከትምህርት መልስ፦ ሒሳብ።
ቅዳሜ ጠዋት፦ እንግሊዝኛ።
ቅዳሜ ከሰዓት፦ ሒሳብ (እንደገና!)።
እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፦ ጂኦግራፊ።
ጨዋታ፦ ———

ከጨዋታ ፊት ለፊት ያለው ጭረት ብቻ ነው። ኮሌጅ ለመግባት እኮ ገና አራት ዓመት ከመንፈቅ ይቀረኛል። ሰኔ ላይ የሚኒስትሪ ፈተና፣ ከዚያ አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ሆኜ ዘጠነኛ፣ ዐሥረኛ፣ ዐሥራ አንደኛ፣ ዐሥራ ሁለተኛ። ስቆጥረው ራሱ ደከመኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ደግሞ ከቡራዩ ልጆች ጋር የመረብ ኳስ ግጥሚያ አለን። በዘጠኝ ሰዓት። ልክ በሁለተኛው ሒሳብ ላይ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

አባባ ለቢሮ ጉዳይ አዲስ አበባ ወርደው ነበር። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። ኮሌጁ በር ድረስ ሄደው አንድ ወረቀት ተቀብለው መጥተዋል። አነበብኩት፤ ማን ማን መግባት እንደሚችል፣ ምን ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ነው። ለመጣ ሁሉ የሚሰጡት ይመስለኛል። ከታች ግን ክብ ሰማያዊ ማኅተም አለበት።

«የሺ፣ ከዛሬ ጀምሮ ኮሌጅ እንደገባሽ ቁጠሪው!» አሉኝ። ጃንሆይ በገዛ እጃቸው ዲፕሎማ ሲሰጡኝ እንዴት እጅ እንደምነሣም እቤቱ መሐል ቆመው አሳዩኝ። ራሳቸው ጎንበስ ሲሉ መነጽራቸው ወደቀ። ሳቄን ዋጥኩት።

እማዬ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችና «ማኅተም አለው?» አለች።

«አለው እንጂ! ማኅተም ያረፈበት ነገር አለቀ ደቀቀ!» አሏት።

ይህን ቃል ከቢሮ ወደ ቤት ያመጡት ከተጋቡ ጀምሮ ነው። ስለ መሬት ሲወራ እንደሱ፣ ስለ ሹመት ሲወራ እንደሱ። እማዬ ወረቀቱን ሳመችው፤ ከዚያ ሣጥኗ ውስጥ ከሠርግ ቀሚሷ ጋር ቆለፈችበት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ደስ ስላላት ደስ አለኝ። ስለ ቅዳሜ ግን ሳልናገር ቀረሁ። ፈሪ ነኝ።

ረቡዕ፣ ጥር 20

ከትምህርት በኋላ ልምምድ። (አባባ ሒሳብ ላይ ነኝ ብለው ነው የሚያስቡት። በልምምድ መሐል ነጥብ ስለቆጠርኩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም።)

አምበላችን ጫልቱ ናት። ሰበታ ውስጥ እንደሷ ኳስ የሚመታ ወንድ እንኳ የለም። አባቷ ኦቦ ቶላ ፉሪ ላይ ያርሳሉ፤ ጫልቱ በየቀኑ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ አንድም ቀን አርፍዳ አታውቅም። ዛሬ መረቡን እየጠቀለልን «አንቺ መስከረም ላይ አዲስ አበባ ስትገቢ ማን ያቀብለኛል?» አለችኝ። እሷስ? ትምህርት ቤታችን ከስምንተኛ አያልፍም። አዲስ አበባ የሚያስጠጋት ዘመድ የላትም። ኦቦ ቶላ ክፉ ሰው አይደሉም፤ «ስምንተኛ ለኛ ቤት ትልቅ ነገር ነው» ብለው በቃ።

እኔ ስለዚህ እስከ ዛሬ አላሰብኩም። እንዴት አላሰብኩም?

እየተመለስን እስከ ሰኔ የምናደርገውን አንድ በአንድ ቆጠርን፦ ቡራዩን ማሸነፍ። ከዚያ ሱሉልታን፣ አገራቸው ድረስ ሄደን። ወንዙ ዳር ሙሉ ቀን መዋል። የዲሬክተሩን አረማመድ ለወላጆች ቀን አስመስሎ ማሳየት። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ምክንያት ከትምህርት መቅረት። (ጫልቱ ይህን የመጨረሻውን እንቢ አለች።)

ለቅዳሜ የፈጠርኩት ውሸት፦ «ጫልቱ ቤት ጂኦግራፊ ላጠና።» ሌላ መላ አጣሁ።

እማዬ ዛሬ በጠዋቱ አውቶቡስ መርካቶ ሄዳ በአንሶላ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዛ ተመልሳለች። ምንድን ነው ብላት «ኢንተላ ኮ፣ ነገ ታዪዋለሽ» አለችና ከንፈሬን በጣቷ ዘጋችው። በኦሮምኛ ልጄ ስትለኝ የሆነ ትልቅ ነገር አለ ማለት ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም

ልደንግጥ ወይስ ልሳቅ አላውቅም።

ታቦቷ ወጥታ፣ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶ፣ ስለት የሚያስገባ ሁሉ ተሰልፏል። እማዬ አንሶላውን ፈታች። ጃንጥላ! ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። የነፍስ አባታችን አባ ወልዴ ተቀብለው ወደ ላይ አነሡትና በዚያ ነጎድጓድ ድምፃቸው፦

«ወይዘሮ ደስታ ልጃቸው ኮሌጅ ስለገባችላቸው ስለታቸውን አድርሰዋል! እልል በሉላቸው!»

ሰበታ በሙሉ እልል አለ። እኔ ክው አልኩ። ከኋላዬ ጫልቱ «መቼ ገባሽ?» ብላ ሹክ አለችኝ።

ለካ እማዬ ገና አንደኛ ክፍል ስገባ ነው የተሳለችው። ልጄ ኮሌጅ ከገባች ጃንጥላ አገባለሁ ብላ። ማክሰኞ ማኅተሙን ስታይ ጊዜው የደረሰ መሰላት። ማኅተም ካለ አለቀ ደቀቀ አይደል?

አባባ ለቢሮ ጉዳይ ዓለም ገና ስለነበሩ አልሰሙም። ለእማዬ እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን አይቼ መልሼ ዘጋሁት። እንደዚያ ያማረባት ቀን አላስታውስም።

ዓርብ፣ ጥር 22

ዛሬ የደረሰብኝ፦

ኦቦ ቶላ መንገድ ላይ አህያቸውን አቁመው «ባጋ ገመዴ፣ የሺ! እንኳን ደስ አለሽ!» ብለው ሁለት ጉንጬን ሳሙኝ። ባለ ሱቁ ከረሜላ በነጻ ሰጠኝ (በላሁት)። የሒሳብ አስተማሪያችን «እስቲ ኮሌጅ የገባችው ልጅ ይህችን ክፍልፋይ ሠርታ ታሳየን» ብሎ ሰሌዳ ላይ አወጣኝ። አልቻልኩም! ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስሜ «ኮሌጅ» ሆነ። ኮሌጅ ወዲህ በዪ፣ ኮሌጅ ኳሱን አቀብዪ።

ምሳ ሰዓት አባባ እንደ ማዕበል ገቡ። የወረዳው ገዢ ከወንበራቸው ተነሥተው ጨብጠዋቸው ኖሯል፤ «ልጅዎ ስምንተኛ ክፍል ሳትጨርስ ኮሌጅ መግባቷ የሚደነቅ ነው» ብለው።

«ደስታ! ምን አድርገሽ ነው ያዋረድሽኝ?»

እማዬ አልተቆጣችም፣ አልደነገጠችም። ሣጥኗን ከፍታ ወረቀቱን አወጣችና ማኅተሙ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «እርስዎ አይደሉ እንዴ አለቀ ደቀቀ ያሉኝ? ኮሌጅ እንደገባሽ ቁጠሪው ያሏት ማን ነው? እኔም ቆጠርኩ» አለች።

አባባ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

የሆነውን ማታ ራሳቸው ነገሩን። ቢሮ ሄደው «ማስተካከያ» በታይፕ መትተው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንዲነበብ ለአባ ወልዴ ወሰዱት። በሁለት ኮፒ። አባ ወልዴ አንብበው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው መልሰው ሰጧቸውና፦ «ጸሐፊው፣ ማርያም ማስተካከያ አትቀበልም። ስለቱ ቀድሞ ደርሷል፤ ልጅቷ ቀስ ብላ ትድረስበት። እርስዎም አያጣድፏት።»

አባባ ይህን ሲነግሩን ሳይወዱ በግድ ከንፈራቸው ዳር ላይ ሳቅ ነበረች። እማዬ ግን እራቱን አቅርባ ሳትበላ ራቅ ብላ ተቀመጠች። መሳሳቷ ሳይሆን ሰው ፊት መሳሳቷ ነው የከበዳት። አቅፌያት ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 23

መጀመሪያ ውጤቱን ልጻፍ፤ አላስችል ብሎኛል። አሸነፍን! አሸነፍን! አሸነፍን!

አሁን ከመጀመሪያው። ጠዋት እንግሊዝኛዬን ጨረስኩ። ውሸቴ ምላሴ ላይ ተዘጋጅታ ነበር። አባባ ግን ግድግዳው ሥር ቁጭ ብለው የሆነ ያረጁ መስለው አየኋቸው፤ መዋሸት አስጠላኝ። በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩት።

«አባባ፣ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ግጥሚያ አለኝ። ሒሳቡን ነገ እሠራለሁ፣ በማርያም። ኮሌጁ አራት ዓመት ይጠብቀኛል። ጫልቱ ግን እስከ ሰኔ ብቻ ናት።»

እማዬ ጓዳ ውስጥ መውቀጧን አቆመች።

«ጫልቱ ማለት የቶላ ልጅ?» አሉ አባባ። «ለምን እስከ ሰኔ?»

ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ዘመድ እንደሌላት፣ ሒሳብ ከእኔ እንደምትበልጥ፣ ያንን ክፍልፋይ ትናንት ሰሌዳ ላይ የሠራችው እሷ እንደነበረች። ተነሥተው መርሐ ግብሩን ከግድግዳው አወረዱ፣ ብዕራቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ ከ«ጨዋታ» ፊት ለፊት ያለውን ጭረት ሰርዘው «ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ ዐሥራ አንድ» ብለው ጻፉ። ፈረሙበት። ከዚያ የፋይሉንም ኮፒ አውጥተው ፈረሙበት! እጃቸውን ስሜ ስሮጥ ጫማዬን እንኳ ያሰርኩት መንገድ ላይ ነው።

የቡራዩ ልጆች በጭነት መኪና ቆመው እየዘፈኑ መጡ። አምበላቸው ቁመቷ የስልክ እንጨት ያህላል። የመጀመሪያውን ዙር ጠራርገው በሉን። ሁለተኛውን ጫልቱ ብቻዋን አሸነፈችልን ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ላይ እኩል ለእኩል ሆነን ቀና ስል አባባ ከኦቦ ቶላ ጎን ቆመዋል። ደብተር ይዘው፣ መስመር አስምረው፣ ነጥብ እየመዘገቡ! አንዴማ ዳኛው ለእኛ አድልቶ ሲሳሳት ደብተራቸውን ከፍ አድርገው ተከራከሩት። ዳኛው ተሸነፈ፤ ነጥቡ የቡራዩ ሆነ። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ኦቦ ቶላ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

የመጨረሻዋን ኳስ እኔ ለጫልቱ አቀበልኳት። ዘላ መታቻት። ኳሷ አቧራ አስነሥታ ወደቀች። ሰው ሁሉ «ጫልቱ! ኮሌጅ! ጫልቱ! ኮሌጅ!» እያለ ሜዳው ውስጥ ገባ። ሁሉም ዝም ካለ በኋላ አንድ ቀጭን ድምፅ ብቻውን «ኮሌጅ!» አለ። አባባ ነበሩ።

እሑድ፣ ጥር 24

እግሬን አልችለውም። እጄም አብጧል። ደስ ይላል።

ቅዳሴ ላይ ወንጌል ሲነበብ ዲያቆኑ የእማዬን ጃንጥላ ዘርግቶ ያዘው። እማዬ አንገቷን አቀርቅራ ነበር፤ በክርኔ ነካ አድርጌ አሳየኋት። ዘርፉ ሲወዛወዝ አይታ ፈገግ አለች። ማስተካከያ አልተነበበም። ስንወጣ አንዲት ሴትዮ ኮሌጅ እንዴት ነው ብትለኝ «ገና እየሄድኩበት ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም።

ከምሳ በኋላ ቃሌን ጠብቄ ሒሳቡን ሠራሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ያቺን ክፍልፋይ በመጨረሻ ቻልኳት። ያን ጃንጥላ ሳየው እንዳላፍር ነው።

ቀና ስል አባባም እየጻፉ ናቸው። ታይፕ ስለሌለ በእጃቸው። ለአክስቴ ነው። ሰጡኝና አነበብኩት፦ «...በመስከረም የሚመጡት ልጆች ሁለት ናቸው። አንድ አልጋ ይበቃቸዋል። የሁለተኛዋን ቀለብ አባቷ ከፉሪ በየወሩ ለመላክ ተስማምቷል...»

ለካ ትናንት ሜዳው ዳር የተነጋገሩት ስለ ኳስ ብቻ አልነበረም! ተነሥቼ ዘለልኩ፤ ከዚያ እግሬ አስታወሰኝና ተቀመጥኩ።

አክስቴ እሺ ትበል አትበል አላውቅም። ቤቷ ጠባብ ነው፤ እሷም እንደ አባባ ደረቅ ናት። አክስቴ እስክትመልስ ድረስ ለጫልቱ ምንም አልነግራትም። (እስከ ነገ ጠዋት ከቻልኩ።) እልል ልበል አልበል እያልኩ ወደ እማዬ ዞርኩ። ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ታቹን።

«ማኅተም የለውም» አለች። «ገና ነው ማለት ነው።»

አባባ ከት ብለው ሳቁ። እማዬም ሳቀች፤ ከዓርብ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ደብዳቤው ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ይሄዳል። እኔ ከትምህርት በኋላ ልምምድ አለኝ፤ ከሱሉልታ ጋር ነው የሚቀጥለው ግጥሚያ።