ካርታው ላይ ያለው ቀጥ ያለ መስመር

ሰኞ

ኢምራን ሞተ። ጻፍኩት፤ አሁንም የሌላ ሰው ስም ይመስለኛል። ታላቅ ወንድሜ ነው። ጎዴ አካባቢ የውሃ ጉድጓድ ከሚቆፍሩት ጋር ነበር የሚሠራው፣ መኪናቸው ተገለበጠ።

ጠዋት የደወለው የሥራ ጓደኛው ዩሱፍ ነው። «የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር እንደተሰገደ እንቀብረዋለን» አለ። እናቴ «ፊቱን ሳላይ?» ብላ ጮኸች። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ቤት ውስጥ ስልክ ላይ የሚፈለገውን የምፈልገው እኔ ነኝ። የኛን የድሬዳዋንና የጎዴን ኤርፖርት ጻፍኩ። ካርታው ላይ ቀጥ ያለ መስመር መጣ፤ ከሥሩ የበረራው ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ይላል።

«አንድ ሰዓት ነው፣ አባ።»

አባቴ ለዩሱፍ «ጠብቁን» አለው።

በባጃጅ ወደ ትኬት ቢሮ በረርን፤ ተራ እስኪደርሰን ግን ቀኑ ገፋ። ትኬት ቆራጯ ልጅ ቀጥታ በረራ የለም አለችን። አዲስ አበባ ሄዶ፣ አድሮ፣ በማግስቱ ቦታ ከተገኘ ነው። ስልኩን አሳየኋት። «የኔ ወንድም፣ ይሄ ርቀቱን ለክቶ ነው እንጂ አውሮፕላን አለ አላለህም።» በመኪናም ቢሆን ዛሬ አይደረስም።

አባቴ ውጭ ቆሞ ደወለ። «ቅበሩት» አለ። አስር ሰዓት ደርሶ ነበር። በዚያ የጎዴ ሙቀት ወንድሜ እኔን ሲጠብቅ ዋለ። ሟች ሳይቀበር አይቆይም፤ ይህን ሕፃን ያውቃል።

ማክሰኞ

ሰፈራችን መጋላ ውስጥ ድንኳን ተተከለ። መስጊድ ውስጥ በሩቅ ለሞተ ሰው የሚሰገደውን ሰላት ሰገድንለት። ፊታችን ቃሬዛ የለም። ዓይኔ ግን መኖር ያለበትን ቦታ አልለቀቀም።

የክፍል ጓደኛዬ ሮቤል ከሳቢያን ሰፈር መጣ። ኢምራን እዚህ እያለ ባጃጅ ሲነዳ ያውቀዋል። «አቦ፣ እሱ ቢሆን በባጃጅም ጎዴ ያደርሳችሁ ነበር» አለኝ። ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ።

ረቡዕ

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። እናቴ ምሳ ላይ «እስኪቀበር የት አስቀመጡት?» አለች።  እጄ ላይ የነበረውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት።

ጣሪያ ላይ ወጥቼ ለዩሱፍ ደወልኩ። ያን መስመር ያሳየሁት እኔ መሆኔን ነገርኩት። «የት አስቀምጣችሁት ነበር?» አልኩት። «መስጊድ ውስጥ ነበር፣ ጥላ ነው» አለ። «የሸፈንበትን ጨርቅ በውሃ እያራስን ከአጠገቡ አልተነሳንም። ስንቆይ ደግሞ ሩቅ ጉድጓድ ላይ የነበሩት ልጆች ደረሱ። በዙህር ቢሆን ኖሮ ያመልጣቸው ነበር። አለቀሱለት፣ ሰገዱለት።»

ሊያጽናናኝ ብሎ ይሁን አላውቅም።

ሐሙስ

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ጨርቁን ያራሱት ላይ ስደርስ እጄን ያዘች። «ብቻውን አልነበረማ» አለች።

ማታ አባቴ ከእናቴ ጋር መቃብሩ ጋ እንድሄድ ወሰነ። «ቤት ሆኜ ለቀስተኛውን እኔ እቀበላለሁ። እናትህን አንተ ውሰዳት፣ መንገዱን አሁን ታውቀዋለህ።» ፊቱን አየሁት፤ አሽሙር አልነበረም።

እናቴ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። ስልኬን አላወጣሁም።

«ሁለት ቀን ነው፣ እማ። ቦታ ካጣን ሦስት።»

«ይሁን» አለች። «እሱ እንደሆነ ከእንግዲህ አይቸኩልም።»