የሁለት ሰው ማኅበር

ውድ ህሩይ፣

«አባ ኪዳነ ማርያም» ብዬ መጀመር ነበረብኝ፤ አንቱ ማለትም ነበረብኝ። እናትህ እማማ ለተ ማርያም እንኳ አንቱ ይሉሃል። እኔ ግን አባ ኪዳነ ማርያም ከሚባሉ አባት ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም። ጉዳዬ ከህሩይ ታምራት ጋር ነው፤ አብሮኝ የግብርና አማካሪ ድርጅት ካቋቋመው፣ አንድ ቀን ጠዋት የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ለመመንኮስ ከሄደው ሰውዬ ጋር። ስለዚህ ብትቀየምም አንተ ልልህ ነው።

ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ሆነብኝ። ታስሬያለሁ፣ ህሩይ። ዘበኛ የለብኝም፤ ፒያሳ ያለችው ቢሮአችን በሯ ክፍት ነው፤ ጠዋት እገባለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ግን መሥራትም መዝጋትም አልችልም። ስንመሠርተው ሁለታችንም ሥራ አስኪያጅ እንሁን፣ ያለ ሁለታችን ፊርማ ምንም ነገር አይንቀሳቀስ ያልከው አንተ ነህ። ወደፊት እንዳንጣላ ብለህ ነበር። አልተጣላንም። ይኸው ያለ አንተ ፊርማ የባንክ ሒሳቡ አይንቀሳቀስም፣ ንግድ ፈቃዱ አይታደስም፣ ድርጅቱም አይፈርስም። ትቼው ለብቻዬ አዲስ ላውጣ ስል የአሮጌውን የግብር ክሊራንስ አምጪ ይሉኛል፤ ክሊራንስ ልጠይቅ ስሄድ ደግሞ የሌላኛውን አባል ፊርማ አምጪ ይሉኛል። በየወሩ ገቢዎች ሄጄ ምንም እንዳልሠራን አስታውቃለሁ። ምንም አለመሥራትን እየፈረሙ ማስረከብ እንዲህ የሚያደክም አይመስለኝም ነበር።

መመሥረቻ ጽሑፉን የፈረምን ቀን ትዝ ይልሃል? እናቴ ቤት ምሳ ልንበላ ሄድን። ማኅበር አቋቋምን ስንላት ደስ አላትና፣ «እሰይ፤ የማን ማኅበር ነው? የሚካኤል ነው የእመቤታችን?» አለች። አንተ ሳቅህን ዋጥ አድርገህ፣ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው አልካት። ድርጅቱ ቢወድቅ ዕዳው እዚያው ይቀራል፣ ቤታችን ድረስ አይመጣም ማለት ነው ብለህም በትዕግሥት አስረዳሃት። እሷ ከሁሉ የገባት ስንት ሆነን እንደምንጠጣው ስትጠይቅህ ሁለት ነን ያልካት ነው። በጣም አዘነችልን፤ ሁለት ሰው ብቻ እየተፈራረቀ ደግሶ እንዴት ይዘልቃል ብላ። ሰሞኑን ደግሞ የሰው ማኅበርተኛ ሲሞት ልጁ ይተካል፣ የናንተው ምን ዓይነት ነው ትለኛለች። ያ ቤታችን ድረስ አይመጣም ያልከውም ነገር መጥቷል፤ ምግብ ሲቀርብልኝ አብሮኝ ይቀመጣል።

የማክሰኝቱ አያ ዳኛው አሁንም ይደውሉልኛል። ሽምብራቸው ከሥሩ እየበሰበሰ ያስቸገራቸው፣ የአፈር ናሙና ስንወስድ እንጀራ ሳትበሉ አናስወጣም ያሉን። አሁን የገበሬዎቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ሆነዋል። የአባሎቹን ማሳ ሁሉ እንድናይላቸው ውል ሊፈርሙ ይፈልጋሉ፤ ግን ፈቃዱ ካልታደሰ ድርጅት ጋር መዋዋል አይችሉም። ባለፈው ሳምንት ሲደውሉ ድምፃቸው ከበድ አለብኝ።

«ምነው ልጄ፣ ያ ሸጋ ልጅ ሂዶ አንቺንም ይዞሽ ሄደ እንዴ? እስተ ሽምብራ መዝሪያ እንጠብቅሻለን። ተዚያ ወዲያ ተባሕር ዳር ሰው እናመጣለን፤ ጥፋቱ የኛ አይደለም።»

ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም። እኔ በሙያዬ ልሠራ የምችልበት ሌላ በር የለኝም፤ ይህ ከተዘጋ እንደገና የሰው ደጅ እጠናለሁ።

ጠበቃ አማክሬ ነበር። መፍትሔ አላት። ፍርድ ቤት ሄደሽ ህሩይ ጠፍቷል፣ የት እንዳለ አላውቅም ብለሽ አመልክቺ፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ በመጨረሻ ጠፍቷል ተብሎ ይታወጅልሻል አለችኝ። ብዕሩን አንስቼ ነበር። ግን አንተ አልጠፋህም። የት እንዳለህ አውቃለሁ፤ መኪና ከሚያቆምበት ከድብ ባሕር ወደ ገዳሙ ስንት ሰዓት በእግር እንደሚያስኬድ ሳይቀር አውቃለሁ። በሌላ ነገር ብዋሽ ምንም አልልም ነበር፤ በዚህ መዋሸት ግን አልሆነልኝም።

ስለዚህ ነበር ጥር ላይ የመጣሁት። ሴት ከዚህ አታልፍም ተብዬ ከገዳሙ በር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁህ። ስትመጣ አላወቅሁህም። ጢምህ አይደለም ያሳሳተኝ፤ አረማመድህ ነው። ድሮ ማሳ ለማሳ ስንዞር ተው ቀስ በል እያልኩ ነበር የምከተልህ።

«ህሩይ» አልኩህ።

«ህሩይ አርፏል፣ መቅደላዊት። ፍትሐት ተደርጎለታል።»

ቆቡን ስትደፋ በመግነዝ ሸፍነው የሙታን ጸሎት እንዳነበቡልህ እናትህ ነግረውኛል። ቢሆንም ተናደድኩ። «እንግዲያው የሞት ምስክር ወረቀቱን ስጠኝ» አልኩህ፤ «ንግድ መምሪያ ፍትሐት አይቀበልም።»

ልትስቅ ምንም አልቀረህም፤ ያችን የከንፈርህን ጫፍ አውቃታለሁ። ድርጅቱን ለእኔ የሚያስተላልፈውን ቃለ ጉባኤ ተቀበልከኝ፣ እስከ መጨረሻው አነበብከው፣ ጉልበትህ ላይ አድርገህ ፈረምክልኝ። ዳገቱን ስወጣ ድካሙ አልተሰማኝም ነበር። መኪና ውስጥ ገብቼ ነው ወረቀቱን የገለጥኩት። «አባ ኪዳነ ማርያም» ይላል። ሾፌሩ ሰው ሞተብሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ አዎ ልበለው አይ ልበለው ጨነቀኝ።

ሰነዶች ማረጋገጫ ያለው አቶ በላቸው ደግ ሰው ነው። ፊርማውን አይቶ እኚህ አባት የድርጅቱ አባል አይደሉም አለኝ። ናቸው አልኩት። ህሩይ የሚባለውስ? ሞቷል። የሞት ማስረጃ? በሕይወት አለ። መነጽሩን አወለቀና አንዱን ምረጪ እህቴ አለኝ። ሁሉንም ስነግረው ከልቡ አዘነ። ከዚያ፣ ለታመመና ለታሰረ ሰው ያለበት ድረስ ሄደን እናስፈርማለን፣ ታሟል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። አልታመመም።

«ታስሯል?»

«እሱ አልታሰረም» አልኩት።

ምን እንደሰማ እንጃ፤ አለቃውን ላናግር ብሎ ተነሣ። ተፈቀደ። የሰኔ ሚካኤል ማግስት አብሮኝ እናንተ በር ድረስ ይወርዳል። መታወቂያህን ከእናትህ ወስጃለሁ፤ ዳዊታቸው መሐል አስቀምጠውት ነበር። ጉዳይሽ ሲያልቅ መልሺልኝ፣ ያለኝ ፎቶው እሱ ብቻ ነው አሉኝ። ይህን ደብዳቤ የሚያደርሱልህም እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ሳልነግርህ ይህን ደብዳቤ ብጨርስ ግን ነውር ነው። ያኔ ስናቋቁም፣ አሁን እኮ ሕጉ አንድ ሰው ለብቻውም ማቋቋም ይፈቅድለታል፣ ለምን ለብቻሽ አታወጪም ብለኸኝ ነበር። ለብቻ ሥራው ይከብዳል አልኩህ። ሥራው አልነበረም። ስምህ ከስሜ ሥር ተጽፎ ማየት ፈልጌ ነው። እወድህ ነበር፤ ሌላ ወረቀት ላይ አብረን እንድንጻፍ ለመጠየቅ አፌን ያዘኝ። አንተ ልብህ ያኔም ወደዚያ ቁልቁለት ይሄድ እንደነበር ባለማወቄ አልጸጸትም፤ ባውቅም አስፈርምህ ነበር።

ዛሬ ህሩይ በሕይወት ያለው በዚያ መመሥረቻ ጽሑፍ ላይ ብቻ ነው። ለእናትህም ለቤተ ክርስቲያንም አርፏል። እኔ ብቻ ነኝ በየቢሮው ይዤው የምዞር። እንዳትፈርም የምትመኝ አንዲት መቅደላዊት ውስጤ አለች። እሷን አትስማት። መሥራት እፈልጋለሁ፣ ህሩይ። የአያ ዳኛውን ማሳ ማየት እፈልጋለሁ።

አቶ በላቸው በሩ ላይ ቆሞ ሙሉ ስምህን ይጠራል፤ ደንቡ ነው። አንተ እኔ ነኝ ካላልከው ማስፈረም አይችልም። ያን ጊዜ አርፏል አትበል። ኃጢአት ከሆነ በእኔ ይቆጠር። «ህሩይ ታምራት» ሲልህ አቤት በል፤ ቀርበህም ስምህን እንደ ድሮው ጻፍ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ስም የሚጠራህ አይኖርም። እኔም አልጠራህም። ፍትሐቱ ላይ አልነበርኩምና እዚያው በሩ ላይ ትንሽ አለቅስ ይሆናል፤ አንተ ዞር ብለህ ሳታይ ግባ። ከዚያ በኋላ ስንገናኝ አንቱ እልዎታለሁ፣ መስቀልም እሳለማለሁ።

እስከ ሰኔ ሚካኤል ማግስት ድረስ
ማኅበርተኛህ፣
መቅደላዊት