የእትዬ ጋዲሴ ካርቶን

የካቲት 8 ቀን 2006፣ ቅዳሜ

የኮተቤ መንገድ እንደ ልማዱ ተዘጋግቶ ሦስት የኪቦርድ ተማሪዎቼ ሙዚቃ ትምህርት ቤቱ አርፍደው ገቡ። አልተቆጣኋቸውም። እኔም ራሴ አርፍጄ ነበር።

ማታ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን ልምምድ፣ ኪቦርዱ ላይ እኔ። ሶሎ ዘማሪዋ ዜማውን ሰማይ አድርሳ ጀመረችው። ትራንስፖዙን፣ የኪቦርዱን ድምፅ ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ቁልፍ፣ ሦስት ጊዜ ተጫንኩ፣ ገባሁ። ሰከንድ አልፈጀብኝም። «ጌድዮን፣ አንተ እኮ ጆሮህ ጉድ ነው!» አሉኝ መዘምራኑ። ነው እንዴ? ነው እንጂ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዜማ አምልጦኝ አያውቅም። ይቺን ደብተር ማንም አያያትም፣ ልኩራባት።

ዛሬ አዲስ ተማሪ ተመዝግበዋል። እትዬ ጋዲሴ ይባላሉ፣ ወረዳ መዝገብ ቤት ነው የሚሠሩት። ሃምሳ ሊሞላቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ኪቦርድ… ሁለት ወርም አይቆዩም።

መጋቢት 6፣ ቅዳሜ

እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ትምህርት ቤቱ ያለው ኪቦርድ ሁለት ብቻ ነው፣ ወደ ቤት አይወሰድም። ሴትዮዋ ምን አደረጉ? የቴሌቪዥን ካርቶን ቀደው፣ የኪቦርዱን ነጭና ጥቁር መምቻዎች ልክ በልክ ለክተው ሥለው መጡ! ጥቁሮቹን የቀቡት በመሥሪያ ቤት የማኅተም ቀለም ነው። ወይን ጠጅ ሆነዋል። ማታ ማታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይለማመዱበታል፣ ድምፁን በአፋቸው እያዜሙ።

ትራንስፖዝን አስተማርኳቸው። «ይህን ቁልፍ ሲጫኑት ማሽኑ ራሱ ድምፁን ከፍ ዝቅ ያደርግልዎታል። ጣትዎ ከነጮቹ አይወጣም።»

ካርቶናቸውን አዩ፣ ኪቦርዱን አዩ።

«የኔው ላይ እሱ የለማ።»

ለመዘምራኑ ነገርኳቸው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደስ አላለኝም።

እትዬ ጋዲሴ ለዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት የሰፈራቸውን የሠርግ ዜማ ሊጫወቱ ነው። ሰፈራቸው ማለት ያኔ በልጅነታቸው እርሻ የነበረው፣ ዛሬ አያት ኮንዶሚኒየም የቆመበት። የክራር መምህሩ በዳዳ በኦሮምኛ ሊዘፍንላቸው ተስማምቷል። በዳዳ ክራሩን የሚቃኘው ኤፍ ሻርፕ ከሚባለው የጥቁሮቹ ድምፅ ተነስቶ ነው፣ ለድምፁ የሚመቸው እሱ ነው። እሳቸው ታዲያ እኔን ሳይጠይቁ አጠገቡ ቁጭ ብለው ድምፆቹን አንድ በአንድ ፈልገው አገኟቸው። አምስቱም ጥቁሮቹ ላይ!

«ለምን ይቸገራሉ? ነጮቹ ላይ ይጫወቱት፣ ማሽኑ ያስተካክለዋል» አልኳቸው።

«ድምፁ እዚህ ነው ያለው መምህር። ትቼው የት ልሂድ?»

ቀጥለው ደግሞ፣ «ግራ እጄ ምን ይሥራ? እስቲ ቁጭ በልና አሳየኝ» አሉኝ።

ቁጭ አልኩ። ጣቶቼን ጥቁሮቹ ላይ አሳረፍኩ… የሌላ ሰው ጣቶች ሆኑብኝ። ሁለቴ ሞከርኩ። ከዚያ ስልኬ ጠራ ብዬ ተነሳሁ። ስልኬ አልጠራም።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያን ቁልፍ ስጫን ኖሬ ጥቁሮቹን አላውቃቸውም። ማን ያውቅብኛል? እስካሁን ማንም። መምህር ተብዬ ይህ ቢታወቅ ምን ፊት ይኖረኛል?

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ፣ «ጌድዮን፣ ተማሪዎችህ ሁሉ ለምን ነጮቹ ላይ ብቻ?» አሉኝ። «ለጀማሪ ይሻላል» አልኩ። ትክ ብለው አዩኝና ሄዱ።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

የመዝጊያው ዝግጅት የመጨረሻ ልምምድ። እኛ ጋ መምህር ተማሪውን መድረክ ላይ ያጅባል፣ ደንብ ነው። ሁለቱ ኪቦርዶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። እሳቸው ጥቁሮቹ ላይ። እኔ ትራንስፖዙን ስድስት ጊዜ ተጭኜ ነጮቹ ላይ። አንድ ላይ ሲሰማ ግን ልብ ይነካል።

በዳዳ ጣቶቼን አየና፣ «አንተ፣ ማሽኑ ነው ወይስ አንተ ነህ የምትጫወተው?» አለኝ። ሳቅኩለት። የምር አልሳቅኩም።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ሁሉንም ልጻፈው።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ ወንበር ያጣው ግድግዳ ይዞ ቆሟል። እትዬ ጋዲሴ በሐበሻ ቀሚስ፣ እኔ በክራቫት። በዳዳ ጀመረ፣ እሳቸው ገቡ፣ እኔ ተከተልኩ። ከፊት ረድፍ ያሉ ሴቶች ገና ከመጀመሪያው ያጨበጭቡ ጀመር።

ሁለተኛው አዝማች ላይ መብራት ጠፋ።

ኪቦርዶቹ ጸጥ። በዳዳ አላቆመም፣ ክራሩን ይዞ ያለ ማይክ ቀጠለ። እኔ እጄን አነሳሁ፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ወደ ጎን ስዞር… እትዬ ጋዲሴ እየተጫወቱ ነው! ድምፅ በሌለው ኪቦርድ ላይ ጣቶቻቸው ይሄዳሉ፣ ከንፈራቸው ያዜማል። ድምፅ ጠፋ ብለው የሚያቆሙበት ምን ምክንያት አላቸው? ሦስት ወር ሙሉ ሲጫወቱ የኖሩት እኮ ድምፅ በሌለው ነገር ላይ ነው።

መብራቱ ተመለሰ። አሮጌዎቹ ኪቦርዶች በራሳቸው ተነሱ። የእሳቸው ድምፅ ከክራሩ ጋር እዚያው፣ በትክክለኛው ቦታ ላይ ብቅ አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ።

እኔም ተንደርድሬ ገባሁ። ምን ዓይነት ጩኸት! መብራቱ ሲጠፋ የትራንስፖዙም ልክ አብሮ ጠፍቷል። ማሽኑ ከዜሮ ጀምሯል። እኔ ሌላ አገር፣ እነሱ ሌላ አገር። ሕዝቡ ወደኔ ዞረ። ቁልፉን ስድስት ጊዜ ልጫን? እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ ሰማኋቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው ማለት ነው… እስከዚያ ራሴን ብቻ ነበር የምሰማው። ያለ እኔ ምንም አልጎደለባቸውም። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ሲጨርሱ እትዬ ጋዲሴ መምህርን ለማመስገን እንደ ደንቡ ማይክ ያዙ። «ያስተማረኝ መምህር ጌድዮን ነው» አሉ። ምንም እንዳልሆነ! ተነሳሁ። ተጨበጨበልኝ። ዝም ብዬ እጅ ነስቼ ብቀመጥ ነገሩ ያልፍ ነበር። አላስቻለኝም።

«ጥቁሮቹን እኔ አላስተማርኳቸውም። እኔም አልችላቸውም» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ቀድመው አጨበጨቡ፣ ከዚያ ሁሉም።

እንዲህ ያለ ተማሪ ያለው መምህር ማን አለ? ኮራሁ። በእሳቸው ኮራሁ፣ ጆሮዬ እስኪቀላ አፍሬም ኮራሁ።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ አላባረሩኝም። «ክረምቱን ተማር፣ በመስከረም ነጩንም ጥቁሩንም ታስተምራለህ» አሉኝ። «ማን ያስተምረኛል?» አልኳቸው። በመስኮቱ ወደ ግቢው በአገጫቸው አመለከቱኝ።

እትዬ ጋዲሴ ካርቶን በብብታቸው ይዘው እየመጡ ነበር። አዲስ ካርቶን፣ ለእኔ። ስቀበላቸው የማኅተሙ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር፣ ጣቴን ነካው።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። ሶሎ ዘማሪዋ እንደ ልማዷ ሰማይ አድርሳ ጀመረች። አውራ ጣቴ ወደ ትራንስፖዙ ሄደ… መለስኩት። ጥቁሮቹ ላይ ገባሁ። ሁለት ቦታ ሳትኩ። አንዱ ዘማሪ ዞሮ አየኝ።

ከአምልኮ በኋላ «ዛሬ ምን ነካህ?» አሉኝ መዘምራኑ። ኪቦርዱን አጥፍቼ ወጣሁ። ግቢው በር ላይ ቆሜ ለእትዬ ጋዲሴ ደወልኩላቸው።

«ያለ ቁልፉ ተጫወትኩ!»

«ስንት ቦታ ሳትክ?»

«ሁለት።»

እንደ አስተማሪ ነው የመለሱልኝ።

«ጎበዝ። ቅዳሜ ካርቶንህን ይዘህ ና፣ እናየዋለን።»