ዛፍህን ለበላይ ሰጠሁት

አባዬ፣

አንተን ከሸኘን ሁለተኛው ክረምት አለፈ። ሰው ሁሉ ጊዜ ያቀለዋል ይለኝ ነበር። እስካሁን አላቀለለውም።

ሱቅህ አለ፤ የምከፍተው እኔ ነኝ። የማር ጣሳዎቹን እንዳንተ ከነጩ ወደ ቀዩ ደርድሬያቸዋለሁ። የጠጅ ቤቶቹ ሴቶችም አልቀሩም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጴንጤ ሆነህ ለጠጅ ቤት ትሸጣለህ እያሉ ሲቀልዱብህ፣ እኔ የምሸጠው ማር ነው፣ ውሃ የሚጨምሩበት እነሱ ናቸው ትላቸው ነበር። አሁን በእኔም ይቀልዳሉ፤ ያንኑ እመልሳለሁ። እንዳንተ ግን አላስቃቸውም።

እማዬ ታማለች። ኩላሊቷ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ለእጥበት እወስዳታለሁ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ታንቀላፋለች፤ ረዳቱ "ወራጅ አለ?" ሲል ትባንንና ደረስን እንዴ ትለኛለች። ይህን የምጽፍልህ ላስጨንቅህ አይደለም፤ የዛፉን ነገር ከሥሩ እንድታውቀው ብዬ ነው።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ ሱቁን ቆልፈህ በዛፍህ ላይ ቀፎ ልትሰቅል ወደ አገርህ ወደ ቦንጋ ስትሄድ፣ ሰፈሩ ታደሰ ዛፉን ሊጠይቅ ሄደ ይል ነበር፤ የታመመ ዘመድ ያለህ ይመስል። አሥረኛ ክፍል እያለሁ ይዘኸኝ ሄድክ። የቀፎውን ውስጥ በቅጠል ጭስ አጥናችሁ፣ ወንድምህ ጋሼ ወልዴ በሐረግ ዛፉ ላይ ሲወጡ አንተ ከሥር ሆነህ በአገራችሁ ቋንቋ፣ በከፍኛ፣ ትቀልድባቸው ነበር። ምን እንዳልካቸው አልገባኝም። እሳቸው ግን ከሳቃቸው ብዛት ሐረጉን ሊለቁት ነበር። እዚህ ሰፈራችን ኮልፌ እንደዚያ ስትስቅ አይቼህ አላውቅም። ያን ቀን ነው እዚያ እኖራለሁ ያልኩት። ጓደኞቼ አካውንቲንግ ሲመርጡ ደን ያጠናሁትም ለዚያ ነው።

አንተ ስታርፍ በዘመዶችህ መካከል በዛፉ ላይ ክርክር ተነሣ። ወንድ ልጅ የትም ይኑር የትም ዛፉ ይጠብቀዋል፤ ሴት ልጅ ግን አግብታ ወደ ሌላ ስለምትሄድ እዚያው ካልኖረች ዛፍ አይደርሳትም አሉ። ጋሼ ወልዴ ተከራክረው ጊዜ አሰጡኝ። ትምጣና ትኑር፣ ያኔ የእሷ ነው አሉ። በተመረቅኩ በወሩ ሻንጣዬን ይዤ ወረድኩ። አንድ የማር ማኅበር ውስጥ ሥራም አገኘሁ። ጠዋት ጭጋጉ ሳይነሣ ወጥቼ የዛፎቹን ስም ከልጆች ጋር እማር ነበር፤ ስሳሳት እየተቀባበሉ ይስቁብኝ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የእማዬ ሕመም መጣና ተመለስኩ። ይዣት ልሂድ ብዬ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። እጥበት ያለበት ቦታ ከጋሼ ወልዴ መንደር በሳምንት ሁለቴ ተመላልሰው የሚዘልቁት አይደለም። ሌላ ልጅ የላችሁም። እማዬ እኔን ለቤተ ክርስቲያን እህቶች ትተሽ ሂጂ አለችኝ፤ ይህን ስትል ግን እጄን አልለቀቀችም።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ወልዴ ደወሉ። ስለ ዝናቡ አወሩኝ፣ ስለ ላሟ አወሩኝ፣ ከዚያ ወደ ጉዳዩ ገቡ።

"ልጄ፣ ሰዎቹ እየጠየቁኝ ነው። ትመጫለሽ ወይስ በላይ ይስቀልበት?"

በላይ ልጃቸው ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው።

"ይስቀልበት" አልኳቸው።

ታውቀኛለህ፣ ቁጭ ማለት አልችልም። ለሁሉም ነገር ሌላ መንገድ እፈልጋለሁ። ለዚህ ግን መንገድ የለም። ሐኪሙ እጥበቱ ዕድሜ ልኳን ነው ብሎኛል። እማዬ እያለች መሄድ አልችልም፤ ስለዚህ አንድ ቀን እሄዳለሁ ባልኩ ቁጥር የምመኘው የእናቴን ሞት ሆነብኝ። ይህ የገባኝ ሱቅ ውስጥ ለሰው ማር እየመዘንኩ ነው። ከዚያ ወዲህ መመኘቱን ትቻለሁ።

አባዬ፣ እመጣለሁ ብዬ ቃል አልገባልህም። አንድ ነገር ግን አልረሳም። አንተም የምትወደው አገር እያለህ ለእኔና ለእማዬ ብለህ ነው እዚህ የኖርከው። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ በእናንተ ምክንያት ቀረሁ ብለህ አላሰማኸንም። እኔም እማዬን አላሰማትም።

ልጅህ