የማይወርደው ኮከብ

ለክቡር አቶ ኤገን ራይንድል፣ የወረዳችን የጎብኚዎች መስተንግዶ ቢሮ ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ከነቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ወንበርዎና ቀለሙ የማያልቀው ማኅተምዎ ደህና እንደሆኑ አምናለሁ። እኔ በፋልክንሮይት መንደር ከየጋራ ቢራ መጥመቂያችን ፊት ለፊት የምኖረው ቫልቡርጋ ሽተርል፣ ባለቤቴን ኦትማርን ከቀበርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ደብዳቤው የቁጣ እንዳይመስልዎት ብዬ ነው፤ ለቁጣ የሚሆን አቅም ከየት አምጥቼ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ስለ ኮከቡ። በመንደራችን ስድስት ቤተሰቦች ተራ እየጠበቁ ይጠምቃሉ። ቢራው የደረሰለት ቤት ባለ ስድስት ጫፍ የእንጨት ኮከብ በሩ ላይ ይሰቅላል፤ ኮከቡን ያየ ሁሉ፣ አገሬውም መንገደኛውም፣ ገብቶ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል፣ አንድም ሰው ከደጅ አይመለስም። በርሜሉ ሲያልቅ ወይም ቤቱ ሐዘን ሲገባ ኮከቡ ይወርዳል። እርስዎ የኦትማር አባት የጠረበውን ኮከብ «ቅርስ ነው» ብለው ለቢሮዎ አዳራሽ ወሰዱልን፤ በምትኩም በፀሐይ ኃይል ቀን ከሌት የሚበራ የቆርቆሮ ኮከብ በአራት ብሎን አሰሩልን። ኦትማር «የማይወርድ ኮከብ ምንም አይናገርም» ብሎ ሁለት ጊዜ ጻፈልዎት፤ እርስዎም ሥራ ስለሚበዛብዎ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉት። እንዳይወርድብን ስለተጨነቁልን እግዜር ይስጥልን።

2ኛ. ስለ ካርታው። ቢሮዎ ለጎብኚዎች ባሳተመው ካርታ ላይ ሳሎኔ የ«ቢራ ቅምሻ መንገድ» አራተኛ ጣቢያ መሆኑን ያወቅሁት ከእንግዶች ነው። ቤቴን ከእኔ በፊት ስላወቁት አመሰግናለሁ።

3ኛ. ስለ ቀብሩ ቀን። ይህን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ይቅርታዎን።

ኦትማር በመጨረሻ የጠመቀው አንድ በርሜል ምድር ቤት ነበር። ሆስፒታል ሲገባ «እሱን እንዳትነኪው፣ ስወጣ ከሰፈሩ ጋር እንጠጣዋለን» አለኝ። አልወጣም። ስለዚህ ከመካነ መቃብር መልስ ጎረቤቶች ለእሱ መታሰቢያ ብርጭቆ እንዲያነሱበት ቆረጥኩ። ማዕዱን ላሰናዳ ቀድሜ ስመለስ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ካርታ ይዘው በሬ ላይ ቆመዋል። ኮከቡም ከላያቸው ቦግ ብሎ ይበራል።

ጥቁር ለብሻለሁ። አንደኛዋ «እናት፣ ዛሬ ክፍት ነው አይደል?» አለችኝ። አርባ አንድ ዓመት ኮከብ ካለበት በር ሰው መልሼ አላውቅም፤ እጄ በሩን ከፈተ፣ እጄ ቀዳ። እኔ የት እንደነበርኩ አላውቅም። በአሥራ ሁለት ቀን ስምንት አገር እየዞረ ቢራ የሚቀምስ አንድ ጎልማሳ የኦትማር ወንበር ላይ ተቀምጦ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሳ፣ አሸተተ፣ ተጎነጨ፣ ማስታወሻውን አወጣ። «ብቅሉ ጥሩ ነው፣ አረፋው ግን ቶሎ ይሞታል» አለ ለሚስቱ። ክፋት የለበትም፤ ኮከቡ ግባ ብሎታል፣ ገባ።

ጎረቤቶቼ ሲደርሱ በርሜሉ አየር ብቻ ያፏጭ ነበር። ለቀብሩ ብሎ ያን ዕለት ከሥራ የቀረው ጎረቤቴ ሎታር፣ የቅምሻውን አውቶቡስ የሚነዳው፣ ባዶ ብርጭቆ ይዞ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

«ቫልቢ፣ ለኦትማር ምን እናንሳለት?»

«ውሃ አለ» አልኩት።

«ለጠማቂ ውሃ? ቢሰማ ተነስቶ ይቆጣን ነበር እኮ!» አለና ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሁላችንም ቆመን ውሃ ጠጣን። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ብርጭቆ አጠብኩ። እስከ ዛሬም አላለቀስኩም፤ ይኸው ነው የሚያስፈራኝ።

4ኛ. ስለ ነጥቡ። ኦትማር ከቀማሾቹ ከአምስት ሦስት ነጥብ እንዳገኘ የሚገልጽ የእንኳን ደስ አለዎት ደብዳቤ፣ በእርስዎ ፊርማ፣ በእሱ ስም ደርሶኛል። ሳይዘገይ መቃብሩ ላይ አንብቤለታለሁ።

ልመናዬ አንድ ነው፦ የእንጨቱን ኮከብ ይመልሱልኝ። በር ላይ ላኖረው አይደለም፤ ሰቅዬ አንድ ጊዜ በእጄ ላወርደው ነው። ያኔ ምናልባት እንባዬ ይመጣ ይሆናል።

ወንበርዎ እንደ ኮከብዎ በብሎን የጸና እንዲሆን የምትመኝ፣ የአራተኛው ጣቢያ ባለቤት፣

ቫልቡርጋ ሽተርል

ማስታወሻ፦ ትናንት አራቱን ብሎኖች በኦትማር መፍቻ ፈትቼ የቆርቆሮውን ኮከብ በመኖሪያ ቤትዎ በር ላይ አጥብቄ አስሬዋለሁ፤ ደህና አድርጎ ይበራል። ሎታርም አድራሻዎን ያውቃል፤ የቅዳሜ እንግዶችን ይዞልዎት ይመጣል። ኮከብ ካለበት በር ሰው እንደማይመለስ ከላይ ጽፌልዎታለሁ። ቢራ ከሌለዎት ውሃ ይስጧቸው፤ እኛም ጠጥተነዋል።