የሠርጉ ቅመምና የእኔ አፍንጫ

እሑድ ጠዋት
በርበሬው ሚርፔሴት፣ በረንዳው ላይ ተሰጥቷል። ፀሐዩ መልካም፣ ነፋሱ ከባሕር። ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ ከጉንፋኑ ወዲህ አፍንጫዬ አልተመለሰም። ነጭ ሽንኩርት ባሸት ምንም። ጦስኝ፣ ምንም። ሐኪሟ ሳቭላኑት አለችኝ፣ በዕብራይስጥ ታገሺ ማለቷ ነው። እዚህ አገር መድኃኒቱ ሁሉ ሳቭላኑት። የልጅ ልጄ የሊአት ሠርግ ግን አይታገስም። የድግሱ በርበሬ በእኔ እጅ ነው። እኛ ጎንደሬዎች ቅመም አንለካም፣ አሽትተን ነው የምንጨምር። አሁን በምን ልጨምር?

ሰኞ
ሊአት ቅመምን ታብሊን ትለዋለች፣ ከሱፐር በፌስታል የሚገዛ። እኛ ቅመም ስንል የሰው እጅ ነው። ሽታው ብቻ የማን ቤት እንደሆነ ይናገራል።
ለማንም አልነገርሁም። ለሊአት እናት ለለምለምማ ከቶ። ምራቴ የትግራይ ልጅ ናት፣ ኮረሪማ ላይ እጇ አይታሰርም። ይኸ ሽቶ ነው፣ ሙሽራዋን ቀቢበት እላታለሁ። አደይ፣ በትግርኛ እናቴ ማለቷ ነው፣ የእርስዎ ደግሞ ለበሽተኛ ነው ትለኛለች።

ማክሰኞ ከሰዓት
ጉድ ሆንሁ። ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ላምስ ጣድሁ። እኅቴ ደወለች። ወሬ ካገኘሁ ታውቂኛለሽ። በሩ ተደበደበ፤ ጎረቤቴ ጆርጄት፣ ሞሮኳዊቷ፣ አፍንጫዋን ይዛ። ቤትሽ እየነደደ ታወሪያለሽ? አለች። ዞር ብል ከሰል ሆኗል። ያኔ ነቃችብኝ። ከሙኗን አምጥታ አፍንጫዬ ሥር አደረገችው። ምንም። ለምለምን ጥሪ አለች። አልጠራም አልሁ። ራሷ ደወለችላት። እግዜር ይስጣት።

ረቡዕ 11 ሰዓት
ለምለም ከሥራ በቀጥታ መጣች፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትለውጥ። ትስቅብኛለች ብዬ መልሱን ምላሴ ሥር አዘጋጅቼ ነበር። አልሳቀችም። አዲስ ኮረሪማ ፈልፍላ አመሰች፣ ወቀጠች። ቆንጠር አድርጋ ጨመረች፣ አሸተተች። ደገመች። ከዚያ እጇን ሰበሰበች። አደይ፣ የእርስዎ ሽታ እዚህ ጋ ነው፣ ከዚህ ካለፍሁ የእኔ ይሆናል አለች።
ደብተሬ፣ ስንት ዓመት በምላሴ ስሸነቁጣት፣ እሷ ለካ ቅመሜን በአፍንጫዋ ይዛልኝ ኖራለች። ተመስገን። ከእኔ ጠፋ እንጂ ከቤቱ አልጠፋም።
ጨምሪ አልኋት። እንግዳው ሽቶ ነው ቢልስ? አለች። የሙሽራ እናት እጅ ይሽተተው፣ ጨምሪ አልሁ።

ሐሙስ
በርበሬው ወፍጮ ሄዶ መጣ። ጆርጄት ደረጃ ላይ ስታስነጥስ ሰማሁ፤ ደኅና ወጥቷል ማለት ነው። ቆርጫለሁ። የሠርጉ ዕለት ማን ቀመመው ሲሉኝ የለምለም እጅ ነው እላለሁ። ጎንደሬዎቹ የተቀመጡበት ጠረጴዛ ድረስ ሄጄ፣ ጮክ ብዬ።